በመጻሕፍት ዳርቻ ስለተጻፉ ስሞች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

በጣና ደሴቶችና በዳርቻው ለምትገኙ አድባራትና ገዳማት አስተዳዳሪዎች፣ ለቄሰ ገበዞችና ለዕቃ ቤት ጠባቂዎች፤
የቀድሞ ፍርድ ቤቶችንና የአስተዳደር መሥሪያ ቤቶችን አሮጌ መዛግብት ለያዛችሁ ኃላፊዎች፤
ለባሕር ዳር፣ ለዘጌና ለአካባቢው ሕዝብ፤

ጉዳዩ፦ ከአገር ወጥተው የቀሩ ዘመዶችን ስም ከአሮጌ መጻሕፍትና መዛግብት ለመፈለግ ሥርዓት እንዲበጅ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ አባቶች፣ ክቡራን ኃላፊዎችና የአገሬ ሰዎች፣

እኔ በባሕር ዳር ከተማ ከሠላሳ ዓመት በላይ በመምህርነት ያገለገልሁ፣ አሁን በጡረታ ላይ የምገኝ ሴት ነኝ። እናቴ የዘጌ ተወላጅ ናት፤ የእናቴ እናት አባት፣ ማለትም ቅድመ አያቴ፣ ከዘጌ ቡና ጭነው ወደ መተማ የወረዱና በዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። በቤታችን ስለ እሳቸው የሚነገረው ነገር ከአንድ ዐረፍተ ነገር አይበልጥም ነበር። አያቴ ስትጠየቅ «አባቴ ቡና ጭነው ወርደው ቀሩ፤ እኔ ያኔ ጡት አልተውሁም» ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። መቼ እንደሆነ የጠየቃት ቢኖር «ከአድዋ ዘመቻ በኋላ» ከማለት በቀር ዓመት አትቆጥርም። ይሙቱ ይኑሩ የሚያውቅ ስላልነበረ ተዝካራቸውን ማውጣት እንኳ ቤተሰቡን ለብዙ ዓመት ሲያከራክር ኖሮ፣ በመጨረሻ የወጣው አያቴ ራሷ ልጆች ከወለደች በኋላ ነው ይባላል።

ነገሩ በዚሁ ተዳፍኖ በቀረ ነበር። ይሁንና በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ በኋላ በመተማ በኩል ከገቡት ሰዎች መካከል፣ ትውልዳቸው ገዳሪፍ፣ ሥራቸው ካርቱም የነበረ አንድ ጎልማሳ ባሕር ዳር ደርሰው ኖሮ፣ ቡና ነጋዴ ባገኙ ቁጥር አንድ ነገር ይጠይቁ ነበር፦ «በሐይቅ ውስጥ ያለች፣ በሬ የማይረግጣት፣ ቡና እንደ ዱር የሚበቅልባት ደሴት የት ናት?» ስሟን «ዘጊ» ነው የሚሏት። ጥያቄውን የሰማ የሰፈሬ ሰው እየመራ ወደ ቤቴ አመጣቸው።

የአካባቢው ሰው እንደሚያውቀው ዘጌ ከምድር የተያያዘች ናት እንጂ ደሴት አይደለችም፤ ሆኖም በታንኳ ከውኃው ወገን ለሚቀርባት ደሴት ትመስላለች። በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን መሬቷ አይታረስም፣ ከብትም አይረባባትም እየተባለ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውንም ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። እንግዲህ ዐረብኛ እንጂ አማርኛ የማይናገሩ፣ ጣናን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሰው በሬ አለመርገጡን ከየት ሰሙት? ከአባታቸው፣ አባታቸው ከአያታቸው፣ አያታቸው ደግሞ ከዘጌ ከወጡት ሰው ነው የሰሙት።

ወረቀትም ነበራቸው። በገዳሪፍ የተጻፈ የቤት ቦታ ውል ሲሆን ዘመኑ በሒጅራ 1317 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 1891 እስከ ሚያዝያ 1892 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። ዋናው ካርቱም ቀርቶ በእጃቸው ያለው በስልክ ያነሡት ፎቶ ብቻ ነው። ገዢው በዐረብ ስም ተጠርተው «አል-ሐበሺ» ከተባሉ በኋላ የመጡበት ቦታ ተጽፏል፤ የተጻፈበት ፊደል የዐረብኛው ቃፍ ነው። ሱዳኖች ቃፍን እንደ እኛ «ገ» ስለሚያነቡት «ዘጊ» ሆነ እንጂ ሌላ ዐረብ ቢያነበው «ዘቂ» ብሎ ያልፈው ነበር። እኔ ይህን ወረቀት ሳየው ስንት ሰው በአንድ ፊደል ምክንያት ከዘመዱ ተላልፎ እንደቀረ ማሰብ ጀመርሁ።

ሰውየው ያሉት እውነት ከሆነ አያቶቻችን በአባት የሚገናኙ እኅትና ወንድም ናቸው፤ አንዷ ዘጌ፣ አንዱ ገዳሪፍ የተወለዱ። ከውጭ አገር የሚኖር አንድ ወጣት ዘመዳችን በምራቅ የሚደረገውን የዘር ምርመራ ብናደርግ ነገሩ እንደሚያልቅ ነግሮኛል። ምርመራው የሥጋ ዝምድና አለ ወይም የለም ይል ይሆናል፤ ስም ግን አይናገርም፣ የቅድመ አያቴን እናት ስም ደግሞ ፈጽሞ አይናገርም። እኛ የምንፈልገው ስሙን ነው።

ፍለጋውን ስንጀምር የመጀመሪያው እንቅፋትም ስም ሆነ። በእኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም፤ ልጅ በአባቱ፣ አባት በአያቱ ስለሚጠራ ሦስት ትውልድ ሲያልፍ ከመጀመሪያው ስም አንድም አይቀርም። በዚያ ላይ አንድ ሰው የቤት መጠሪያ አለው፣ የክርስትና ስም አለው፣ ጦር ሜዳ የዋለ ከሆነ የፈረስ ስምም ይኖረዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ከመጫናቸው በፊት የተጻፈ ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው «ተፈሪ»ን ካልፈለገ አያገኛቸውም፤ «ኃይለ ሥላሴ» የክርስትና ስማቸው፣ «አባ ጠቅል» የፈረስ ስማቸው ነውና። የንጉሥ ስም እንዲህ ካስቸገረ የቡና ነጋዴማ ምን ይባላል። የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ሰውን የሚያውቀው በክርስትና ስሙ ነው፤ ገበያና ዳኛ የሚያውቁት በመጠሪያው ነው፤ የገዳሪፍ ጎረቤት የሚያውቀው ደግሞ ከሄደ በኋላ ባወጡለት ስም ነው። አያቴ የአባቷን የክርስትና ስም ያወቀችው በዚያ ብዙ ባከራከረው ተዝካር ቀን ካህኑ ሲጠሩት ሰምታ ነው። ያንን አንድ ስም በልቧ ይዛ ባታቆየው ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር።

የልደትና የሞት መዝገብ እንዳንጠይቅ፣ በዘመኑ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ቢደነግግም፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከወጣ በኋላ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በፊት የነበረን ተራ ሰው የሚፈልግ ሁሉ መጨረሻው የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ነው። እኛም ወደዚያው ሄድን።

ከጣና ዳር አድባራት በአንዱ፣ ስሙን ለመጥቀስ ባልፈለግሁት ቦታ፣ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን ደርሰን ጉዳያችንን ስንናገር፣ አንድ አረጋዊ አባት እኔንም እንግዳዬንም ከእግር እስከ ራስ ተመልክተው «የየትኛውን መሬት ነው የምትጠይቁት?» አሉን። እኔ መሬት አንጠይቅም አልሁ። እሳቸውም «ሁሉም መጀመሪያ እንደዚያ ይላል» ብለው ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ። በሁለተኛው ጉዟችን ዕቃ ቤቱን የያዙት ሰው አልነበሩም ተባልን፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው እያየናቸው ነበር።

በጊዜው ተናድጄ ተመለስሁ፤ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ጥያቄው ያለ ምክንያት እንዳልመጣ ተረዳሁ። በጎጃምና በበጌምድር ትውልድ መቁጠር የምሽት ጨዋታ አልነበረም። ርስት የሚገኘው በአባትም በእናትም ወገን እስከ አቅኚው አባት ድረስ በመቁጠር ስለነበር፣ ድርሻ የሚፈልግ ሰው ሽማግሌ አቁሞ፣ ዳኛ ፊት ቀርቦ፣ ከራሱ ጀምሮ እስከ መጀመሪያው ባለርስት ያሉትን አባቶችና እናቶች አንድ በአንድ መጥራት ነበረበት። «ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ተረት ለባለ ጉዳይ ተስፋ፣ በመሬቱ ላይ ለተቀመጠው ደግሞ ሥጋት ነው፤ ወጥቶ የቀረ ሰው የልጅ ልጅ አንድ ቀን መጥቶ «ቁጠሩልኝ» ቢል ድርሻ ነበረው። እንግዲህ ከሱዳን መጥቶ «ቅድመ አያቴ ከዚህ ነበሩ» የሚል ሰው በእነዚያ አረጋዊ አባት ጆሮ ምን ሆኖ እንደተሰማ አይጠፋኝም።

ነገር ግን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ይህ ክርክር አብቅቷል፤ ዛሬም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ማንም ሰው ቅድመ አያቱን ቆጥሮ አንድ ጋት መሬት አያገኝም። ክርክሩ ሲቀር አብረው የቀሩት ግን ትውልድ ቆጣሪዎቹ ናቸው፤ የማይፈረድበትን ነገር ማን ይሸመድዳል? አባቴ አሥር ትውልድ ሲቆጥሩ በጆሮዬ የሰማሁ እኔ ራሴ ዛሬ ከአምስተኛው አላልፍም። ፍርሃቱ ጠፍቶ እውቀቱ በተረፈ ነበር፤ የሆነው ግን ተገላቢጦሽ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ልመናዬ ለኃላፊዎችና ለአስተዳዳሪዎች በአንድነት ነው። ዘመዱን የሚፈልግ ሰው ማን እንደሆነ፣ ማንን እንደሚፈልግ፣ ከፍለጋው የመሬትም ሆነ የቤት ጥያቄ እንደማያነሣ ፈርሞ የሚሰጥበት አንድ ገጽ ቅጽ ይዘጋጅ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ቅጹን ይዞ ያስቀረው። የእነዚያ አረጋዊ አባት ሥጋት በቃል መሐላ አይወገድም፤ የተፈረመ ወረቀት በእጃቸው ቢይዙ ግን ነገሩ ይለወጣል ብዬ አምናለሁ።

በሦስተኛው ጉዟችን የደብሩ ቄሰ ገበዝ ራሳቸው ተቀበሉን። እንግዳዬ እስላም መሆናቸውን አስቀድሜ ነገርኋቸውና ነገሩ ይከብዳል ብዬ ስፈራ፣ ቄሰ ገበዙ «ዝምድና በሥጋ ነው፤ ሥጋ ደግሞ አይካድም» ብለው ወንበር አስቀረቡላቸው። ወንጌሉን ከማኅደሩ አውጥተው፣ ከተጠቀለለበት ጨርቅ ፈትተው፣ አትሮንስ ላይ ካኖሩት በኋላ የገለጡት መካከሉን አልነበረም፤ መጨረሻውን ነው። ይህን የማያውቅ አንባቢ ይኖር ይሆናልና ላብራራ። በጎንደርና በጎጃም በተለይ ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታ፣ ኑዛዜና ዕርቅ ይጻፍ የነበረው በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ዳርቻዎች ላይ ነው። መጽሐፉ ቅዱስ ስለሆነ ውሉም ይከበራል፤ ውሉን የሚያፈርስ ይወገዛል። ሻጩና ገዢው ብቻ ሳይሆኑ ዋሱ፣ ምስክሩ፣ ዳኛውና አለቃው በስም ይጠራሉ፤ ሴቶችም በገዛ ስማቸው ሲሸጡ፣ ሲገዙና ሲያወርሱ ይገኛሉ። ተአምረ ማርያም ላይ ደግሞ መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስም በጸሎቱ መካከል ይገባል፤ መጽሐፉ ወደ ሌላ እጅ ሲያልፍ የፊተኛው ስም ተፍቆ የኋለኛው ይጻፍበታል፤ የተፋቀውን በብርሃን ዘንበል አድርጎ ማንበብ የሚቻልበት ጊዜ አለ። ሊቃውንቱ መጽሐፉን ለመካከሉ ሲሉ ይፈልጉታል፤ የተራ ሰው ልጅ ግን አባቱን የሚያገኘው በዳርቻው ነው።

የገጹ ታችኛ ማዕዘን በስንት ገላጭ አውራ ጣት ጠቁሮ እንደ ቆዳ ያብለጨልጫል። ጽሑፉ እንደ ወንጌሉ ጽሑፍ ያማረ አይደለም፤ የቸኮለ ሰው እጅ ነው፣ መስመሩ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ቀለሙም ቡናማ ሆኗል። ቄሰ ገበዙ በጣታቸው ሳይነኩ በስንደዶ እየመሩ ካነበቡት ዘጠኝ መስመር ውስጥ በስድስተኛው ላይ ያ አያቴ በተዝካሩ ቀን የሰማችው የክርስትና ስም ተጠራ። ቅድመ አያቴ ወደ መተማ ሲወርዱ የቡና ቦታቸውን ለእኅታቸው በአደራ መስጠታቸውን የሚያስረዳ ውል ነው፤ ምስክሮቹ አራት ናቸው። የእኅትየዋ ስም እኛ ቤት የቅድመ አያቴ እኅት እየተባለ ሲነገር የኖረው ስም ሆኖ ተገኘ። እንግዳዬ ቋንቋውን ባይሰሙም የእኔን ፊት አይተው ነገሩ ገብቷቸዋል።

ዓመቱን ማወቅ ግን ቀላል አልነበረም። ውሉ የሚለው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጊዜ፣ በዘመነ ማርቆስ ነው፤ ሌላ ቁጥር የለም። ወንጌላውያን በየአራት ዓመቱ ስለሚዞሩ ዘመነ ማርቆስ ብቻውን ዓመት አይነግርም። ነገር ግን ንጉሡ በጎጃም የነገሡት በ1873 ዓ.ም. ሆኖ ያረፉት በ1893 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በዚህ መካከል ማርቆስ የዋለባቸው ዓመታት 1874፣ 1878፣ 1882፣ 1886 እና 1890 ናቸው። አያቴ «ከአድዋ በኋላ» ትል ነበር፤ የአድዋ ጦርነት የተደረገው በ1888 ነውና የሚቀረው 1890 ብቻ ነው። የገዳሪፉ ውል ደግሞ የተጻፈው ከዚያ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በአንዲት መሃይም ሴት ቃል፣ በአንድ የብራና ዳርቻና በአንድ የዐረብኛ ወረቀት ፎቶ ሰውየው ከዘጌ የወጡበት ዓመት ተገኘ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሁለቱ ዋጋ አልነበራቸውም።

ከዚህ ቀጥሎ የምለው ሊያስቀይማችሁ እንደሚችል ባውቅም መተው አልቻልሁም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባሉ የውጭ አገር ሊቅ ወደ ጣና መጥተው የገዳማቱን መጻሕፍት በፊልም አንሥተው ሄደዋል፤ ዝርዝራቸውም በጀርመንኛ በበርካታ ቅጽ ታትሟል። በዚሁ አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮ ደግሞ በአገራችን የተነሡ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ፊልሞች በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኝ የገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። እንግዳዬ ከተወለዱበት ከሱዳን የሄዱ የእንግሊዝ ሹማምንት ወረቀትም በዚያው አቆጣጠር ከ1957 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በዱራም ዩኒቨርሲቲ ተሰብስቧል። ይህን ሁሉ የማነሣው ለመውቀስ አይደለም፤ በእሳት፣ በዝናብና በሌባ የጠፋውን ስናስብ ፊልሙ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሐምቡርግ የተቀመጠ ተማሪ የሚያየውን ገጽ የዘጌ ተወላጅ ለማየት ሦስት ጊዜ ሐይቅ መሻገሩ ይገርማል። በፊልም የተነሡትም ጥቂቶቹ ናቸው፤ በየአጥቢያው ያሉት፣ ለሊቅ የማያጓጉት፣ ለባለ ዘመድ ግን ብቸኛ የሆኑት መጻሕፍት አልተነኩም።

እኔ መጻሕፍቱ ከቦታቸው ይነሡ አልልም፤ አንድም ቀን አይነሡ። የምለምነው የዳርቻው ጽሑፍ ብቻ ቄሰ ገበዙ ባሉበት በፎቶ እንዲነሣ፣ ከዚያም ከውስጡ ያሉት ስሞች፣ ዘመኑና ዝምድናው በደብተር እንዲገለበጡ፣ አንዱ ቅጂ በቤተ ክርስቲያኑ እንዲቀርና አንዱ በባሕር ዳር በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ ነው። ገልባጮቹ ስሙን መጽሐፉ ላይ እንዳለ ይጻፉት፤ ሀሌታው «ሀ» እና ሐመሩ «ሐ»፣ ንጉሡ «ሠ» እና እሳቱ «ሰ» ተቀይረው ሲገኙ እናርም ካሉ በኋላ የሚፈልገው ሰው አያገኘውም። የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪዎችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጣምረው ቢሠሩት፣ አንዱ ግእዙንና የእጅ ጽሕፈቱን፣ ሌላው ካሜራውንና ኮምፒዩተሩን ያውቃል።

የባሕር ዳር ቅጂ የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ይህ ሥርዓት እንዲፈርስ የምጠይቅ ሰው አይደለሁም፤ እናቴም አያቴም አክብረውት ኖረዋል። ነገር ግን በእነዚያ ገዳማት መጻሕፍት ዳርቻ የእናቶቻችን ስም አለ፤ ሥርዓቱ ሴቲቱን ከወደብ ቢመልሳት የስሟ ግልባጭ ወደ ወደብ ቢመጣላት የሚጎዳ የለም።

ስለ ፍርድ ቤት መዛግብት ደግሞ አጥብቄ ማሳሰብ እወዳለሁ፤ ምናልባትም ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ከ1967 በፊት በየወረዳውና በየአውራጃው የተደረገ የርስት ክርክር ሁሉ መዝገብ ነበረው፤ በመዝገቡ ውስጥ ተከራካሪው በመሐላ የቆጠረው ትውልድ፣ ተቃዋሚው ያፈረሰበት ቆጠራ፣ ሽማግሌዎቹ የሰጡት ቃል ሁሉ አለ። ውሸትም ሞልቶበታል፤ መሬት ለማግኘት አያት የፈጠረ ሰው ጥቂት አይደለም። ቢሆንም «እገሌ ወደ ሱዳን ወርዶ ጠፍቷል፣ ልጅ የለውም» የሚል ቃል የተጻፈው በእንዲህ ያለ መዝገብ ነው፤ ልጅ የነበረው መሆኑን ዛሬ እኛ እናውቃለን። እንዲህ ያሉ መዛግብትን ፍለጋ ከሄድሁባቸው መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የደረጃ ሥር ተቆልለው፣ አይጥ በልቷቸው፣ ከታች ያሉት በእርጥበት እንደ ጡብ ተጣብቀው አይቻለሁ። በሌላው «ቦታ ስለጠበበን ተወግዷል» ተብያለሁ፤ በማን ትእዛዝ እንደተወገደ የሚያውቅ አልነበረም። ኃላፊዎች ሆይ፣ ቦታ ከጠበባችሁ አትጣሉት፤ በአዲስ አበባ ወመዘክር እያልን የምንጠራው የአገሪቱ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ጻፉለት። እስኪመጣ ድረስ ከወለል ላይ አንሥታችሁ በእንጨት ላይ ማስቀመጥ ወጪ የለውም።

አንድ ጥንቃቄም አለኝ። ከጣና ዳር የወጣ ሁሉ ወዶ አልወጣም። መተማ ቡናና ሰም ብቻ የሚሸጥበት ገበያ አልነበረም፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር። በ1880 ዓ.ም. የድርቡሽ ጦር ደንቢያንና ጎንደርን ሲወርር የተማረከው ሕዝብ ተነድቶ ወደ ሱዳን ሄዷል፤ በክፉ ቀን ረኃብ የተበተነው ደግሞ ከነመኖሩም የጻፈው የለም። በመጻሕፍቱ ዳርቻም ሰው ከመሬትና ከበቅሎ ጋር ተዘርዝሮ የተወረሰበት ውል ሊወጣ ይችላል፤ ባርነት በሕግ የቀረው በ1934 ዓ.ም. ነውና ሩቅ አይደለም። የእነዚህ ሰዎች ልጆች ከእኔ ይልቅ የመፈለግ መብት አላቸው፤ ስማቸው ተቀይሮ፣ አባታቸው ሳይጠራ ቀርቶ የተወሰዱት እነሱ ናቸውና። ስለዚህ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ይደበቅ አልልም፤ ነገር ግን የዛሬ ሰው በዘሩ እንዲሰደብበት የፌስቡክ መዝናኛ እንዳይሆን፣ መጀመሪያ ለባለ ዘመዶቹ እንዲታይ ሥርዓት ይሠራለት። ስለ ሸማኔው፣ ስለ ቀጥቃጩ፣ ስለ ነገደ ወይጦው የተጻፈውም እንዲሁ ነው።

ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር ሕዝብ የምለው አጭር ነው። ልጆቻችሁን ለመዳር ሰባት ቤት ስትቆጥሩ ሽማግሌው የሚሉትን በስልካችሁ ቅረጹት፤ በዚያች አንድ ምሽት የሚነገረው ዓመቱን ሙሉ አይነገርም። ተዝካር ስታወጡ የሟቹን የክርስትና ስም ከመጠሪያው ጋር አጣምራችሁ ጻፉት። «ወርዶ ቀረ» የሚባል ሰው በቤታችሁ ካለ የወረደበትን መንገድ፣ ያብሮ አደጉን፣ የጫነውን ዕቃ ሳይቀር መዝግቡ፤ እኛን ያገናኘን በሬ አለመርገጡ ነው እንጂ ስም አይደለም። በመተማ፣ በጎንደርና በባሕር ዳር ያላችሁ ደግሞ ከሱዳን የመጣ ሰው ዘመድ ሲጠይቃችሁ ገንዘብ ፈልጎ ነው ብላችሁ ከደጅ አትመልሱት።

በመጨረሻ የቀረችን አንዲት ነገር አለች። በዚያ ውል ላይ የቅድመ አያቴና የእኅታቸው እናት ስም «ወለተ» ብሎ ይጀምርና ይቆማል፤ ቀጥሎ ባለው ላይ የጧፍ ሰም ጠብታ አርፎበታል። ስፋቱ ከስንዴ ፍሬ አይበልጥም። ቄሰ ገበዙ በጥፍራቸው ሊያነሡት እጃቸውን ሰንዝረው፣ ቀለሙ አብሮ እንዳይነሣ ፈርተው መለሱት፤ መልካም አደረጉ። እንግዳዬ ገዳሪፍ ላሉት ታላቅ እኅታቸው በስልክ ሲነግሯቸው የጠየቁት ያንኑ ነው፤ «የእናታቸው ስም ማን ይባላል?» መልስ አልነበረንም። ብራና የሚያክም ባለሙያ ከደብሩ ሳይወጣ፣ በአባቶች ፊት፣ ያችን ጠብታ እንዲያያት ይፈቀድልን ዘንድ፣ ባለሙያ የምታውቁም እንድትጠቁሙን በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። የጀልባውን ዋጋ እኔ እችላለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
አንዲት ጡረተኛ መምህርት
ከባሕር ዳር